«ፈቃድ»፣ «መሣሪያ»ና «ማጥፋት»፦ በኢሜይል ሰርቨር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

1. መነሻ

የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን ከተጀመረበት ከጥር 1989 ዓ.ም.፣ የሞባይል ስልክም ከተከተለበት ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሠራተኛው ኪስ ገብቷል። ከዚህ ለውጥ ጋር አብረው የመጡት ቃላት ወደ አማርኛ የተመለሱት በአብዛኛው በጨረታ ሰነድ አዘጋጆች፣ በሥልጠና መምህራንና በአሠራር መመሪያ ተርጓሚዎች እጅ ነው። ይህ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ቃል አካዳሚ እስኪሰበሰብ ጠብቆ አይወለድም። ቃሉ ከተወለደ በኋላ ግን መርምሮ «ይህ ይጽና፣ ይህ ይቅር» ማለት የሙያችን ግዴታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመሩት በመቐለና በአዲስ አበባ በየጊዜው ለማየት በቻልናቸው የግዥ ሰነዶችና የአሠራር መመሪያዎች ውስጥ ደጋግመው የሚታዩ አምስት ስያሜዎች ናቸው፤ እነርሱም «ፈቃድ»፣ «የደንበኛ መዳረሻ ፈቃድ»፣ «አገልጋይ»፣ «የተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች አስተዳደር» እና «ማጥፋት» ናቸው። ሁሉም የኢሜይል ሰርቨርን የመጠቀም መብትና ከሰርቨሩ ጋር የተገናኙ ስልኮችን አያያዝ የሚመለከቱ ናቸው።

የምንነሣበት ሐሳብ የሚከተለው ነው። የሙያ ቃል ነገሩን ከመሰየም አልፎ በነገሩ ላይ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ፣ ድርጊቱ ሲፈጸም ምን እንደሚቀርና ምን እንደማይመለስ ለአንባቢው ማሳወቅ አለበት። ከላይ የተዘረዘሩት ስያሜዎች ከባዕዱ ቃል ጋር አንድ በአንድ ሲመዛዘኑ ብዙም ስሕተት አይገኝባቸውም። ያም ሆኖ የተባለውን ተግባር አይፈጽሙም፤ እንዲያውም አንደኛው በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ላይ ጉዳት ያደረሰ ነው። ዝርዝሩ በቦታው ይቀርባል።

2. የነገሩ አሠራር ባጭሩ

ስያሜን ከመተቸት በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባል። የኢሜይል ሰርቨር የአንድ መሥሪያ ቤት መልእክቶች የሚላኩበት፣ የሚከፋፈሉበትና የሚቀመጡበት ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒዩተርም በዚሁ ስም ይጠራል። በሰፊው የታወቀውን ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ፕሮግራሙን በራሱ ግቢ ተክሎ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሁለት ዐይነት ክፍያ ይከፍላል። አንደኛው ፕሮግራሙን ጭኖ ለማሠራት የሚከፈለው ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ተጭነው በሚሠሩት ፕሮግራሞች ልክ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ቢሠራ ሁለት ክፍያ ይጠየቅበታል። በ2016 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ስም በወጡት የኤክስቼንጅ ሥሪቶች መደበኛው እትም እስከ 5፣ ከፍተኛው እትም እስከ 100 የመልእክት ማኅደሮችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ መያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ክፍያ ወደ ሰርቨሩ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚከፈለው ነው። ሦስት ነርሶች እየተፈራረቁ በአንድ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ከሆነ በዕቃው አንድ ክፍያ ይበቃል። አንድ መምህር ደግሞ የቢሮ ኮምፒዩተር፣ ላፕቶፕና ስልክ ቢኖረው በሰውየው መቁጠሩ ይቀላል። ይህ ክፍያ ራሱ ሁለት ደረጃ አለው፤ ከፍተኛው ደረጃ በመደበኛው ላይ የሚጨመር እንጂ መደበኛውን የሚተካ አይደለም። በስልኮች ላይ ከሚጣሉት ደንቦች መካከል ጠበቅ ያሉት የሚገኙት በከፍተኛው ደረጃ ነው።

ከዚህ ሌላ ምንጫቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች አሉ። ፖስትፊክስና ዳቭኮት ያለ ክፍያ ተጭነው ይሠራሉ፤ ዚምብራም ክፍት እትም ነበረው፤ ነገር ግን ስልክን ከሰርቨሩ ጋር የሚያስተካክለው ክፍል የሚገኘው ክፍያ በሚጠየቅበት እትም ውስጥ ነው።

ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል በገዛ ስልኩ ሲከፍት ሰርቨሩ ደንብ ይልክለታል። የይለፍ ቃሉ ርዝመት ይህን ያህል ይሁን፣ በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ በምስጢር ይቀመጥ፣ ካሜራው ይዘጋ ሊል ይችላል። የስልኩ ባለቤት «እሺ» ካላለ ኢሜይሉ አይመጣለትም፤ «እሺ» ካለ ግን ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ በውስጡ ያለውን ሁሉ ከሩቅ የማስወገድ ሥልጣን ለሰርቨሩ ኃላፊ ተላልፏል። የማስወገዱ ትእዛዝ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ብቻ ያነሣል። ትእዛዙ ሲሰጥ ስልኩ ከመረብ ውጭ ከሆነ ሰርቨሩ ይዞት ይጠብቃል፤ ስልኩ በተገናኘ ጊዜ ይፈጸማል። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

3. «ፈቃድ»ና «የደንበኛ መዳረሻ ፈቃድ»

በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ሲሆን «ፈቃድ»ም መሻት ነው። አማርኛ ይህን ጥንታዊ ትርጉም ሳይጥል ሌሎችን ደራርቦበታል። «እንደ ፈቃድህ ይሁን» ስንል የጥንቱ ነው፤ «መንጃ ፈቃድ»፣ «የንግድ ፈቃድ» ስንል በባለሥልጣን የሚሰጥ ማስረጃ ነው፤ «የዓመት ፈቃድ ላይ ነው» ስንል ከሥራ መለየት ነው፤ «ያለ ፈቃዴ ፎቶ አነሣኝ» ስንል ደግሞ የባለቤቱ መስማማት ነው። የትግርኛው «ፍቓድ»ም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድ ቃል ብዙ ትርጉም መያዙ በቋንቋ የተለመደ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል ይባላል። እዚህ ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩ አይለየውም። ለምሳሌ «የተጠቃሚ ፈቃድ ሳይኖር ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ሻጩ ሲያነበው «ለሠራተኛው የሚከፈለው ዋጋ ካልተከፈለ» ማለት ነው። የስልኩ ባለቤት ሲያነበው «እኔ ካልተስማማሁ» ማለት ነው። ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ፤ ሁለቱም በትክክል አንብበዋል። መሥሪያ ቤቱ ዋጋውን ከፍሎ ወረቀቱን በያዘ ጊዜ የሠራተኛውንም መስማማት የያዘ የሚመስለው በዚህ የቃል መጋጨት ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321 የባለቤቱን መስማማት ከሕጋዊ መሠረቶች አንዱ አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ ይህን ልዩነት ማደብዘዝ ለቋንቋ ብቻ የሚተው ጉድለት አይደለም።

መፍትሔው «ፈቃድ»ን ከነጭራሹ መጣል ነውን? አይመስለንም። «መንጃ ፈቃድ» ማንንም አያሳስትም፤ ምክንያቱም ፊተኛው ቃል የኋለኛውን ወስኖታል። ስለዚህ መሠረታዊው ስያሜ «የመጠቀሚያ ፈቃድ» እንዲሆን፣ የሰው መስማማት ግን «የባለቤት ስምምነት» ተብሎ እንዲለይ፣ ባዶ «ፈቃድ»ና «የተጠቃሚ ፈቃድ» ከሰነዶች እንዲወጡ እናሳስባለን።

በዚሁ ላይ ግሡም መታረም ይኖርበታል። ሰነዶቻችን «ፈቃድ ገዛን» ይላሉ፤ የንብረት ክፍሉም እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ይመዘግበዋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው፤ ባለመብቱ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል እንጂ ሥራውን አሳልፎ አይሰጥም። ጊዜው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። ከላይ የተጠቀሱት የ2016 እና የ2019 እ.ኤ.አ. የኤክስቼንጅ ሥሪቶች መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. በምትካቸው የቀረበው ሥሪት ክፍያው በየጊዜው እየታደሰ የሚሠራበት ነው። ስለዚህ ሰነዱ «የዘለቄታ የመጠቀሚያ ፈቃድ»ን «በየጊዜው ከሚታደስ የመጠቀሚያ ፈቃድ» ለይቶ ካልጻፈ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ሆስፒታል የገዛ መስሎት መከራየቱን የሚያውቀው በጀቱ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

«የደንበኛ መዳረሻ ፈቃድ» የሚለው ስያሜ ከዚህ የባሰ ነው። ሦስት ቃላት አሉት፤ ሁለቱ ከቦታቸው ውጭ ናቸው። «ደንበኛ» በአማርኛ ከሱቅ የሚገዛ፣ በባንክ ሒሳብ የከፈተ ሰው ነው፤ እዚህ የተፈለገው ግን ከሰርቨሩ አገልግሎት የሚጠይቅ ሰው ወይም ዕቃ ነው። «መዳረሻ» አውቶቡስ የሚቆምበት የጉዞ ፍጻሜ፣ ወይም አገር ጎብኚ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ የተፈለገው ግን መግባት ነው። ቃሉን ያለ ባዕድ አጋዡ የሚያነብ ሰው «ለደንበኞቻችን የሚሰጥ የመድረሻ ቦታ ፈቃድ» ከማለት በቀር ሌላ ሊገምት አይችልም። እኛ «የመግቢያ ፈቃድ» የሚለውን እናቀርባለን። ይህ ከበር ላይ ወረቀት ጋር መመሳሰሉ አይጎዳውም፤ ይጠቅመዋል። ቤቱን የተከራየ ሁሉ እንግዶቹን በነጻ አያስገባም፤ እያንዳንዱ ገቢ ወረቀት ይጠየቃል። አቆጣጠሩንም «በሰው የሚቆጠር» እና «በዕቃ የሚቆጠር» ብሎ መለየት ይቻላል።

ከዚህ ርእስ ሳንወጣ አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለበትን አንድ ነጥብ እናንሣ። «ነጻ» አርነት የወጣ፣ ጌታ የሌለው ማለት ነው፤ «በነጻ» ግን ያለ ዋጋ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ብዙ ክርክር ይነሣበታል። እኛ አንዲት «በ» ብቻ ለይታልናለች። ፖስትፊክስ ነጻ ነው፤ በነጻም ይገኛል። ለሙከራ ሠላሳ ቀን ያለ ዋጋ የሚሰጥ ፕሮግራም ግን በነጻ ተገኘ እንጂ ነጻ አይደለም። ተርጓሚዎቻችን ይህን የቋንቋውን ጸጋ ሳይጠቀሙበት፣ ሁሉንም «ነጻ ሶፍትዌር» ብለው መጻፋቸው የሚያስቆጭ ነው።

4. «አገልጋይ» ወይስ «ሰርቨር»

«አገልጋይ» በቤተ ክርስቲያን ቄሱና ዲያቆኑ፣ በቤት ውስጥ ታዛዡ፣ በቢሮ ደግሞ «የሕዝብ አገልጋይ» የሚባለው ሠራተኛ ነው። የትግርኛው «ኣገልጋሊ»ም ይህንኑ ይሸከማል። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ለበላይ ታዝዞ መሥራት ነው። የአንድ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት ስለ ኢሜይሉ ብልሽት ሪፖርት ሲጽፍ «አገልጋዩ መልእክቱን አልተቀበለም» ቢል፣ አንባቢው ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ዋናው እንከን ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ መስጠቱ እውነት ነው፤ ከስልኮች ጋር ባለው ግንኙነት ግን ደንብ አውጪውና አዛዡ እርሱ ነው። በአዛዥ ላይ የታዛዥ ስም ማውጣት አንባቢን ያዘናጋል።

ይህን ስንል የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። በስያሜ ሥራችን የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ከውጭ ቋንቋ መውሰድ ነው። የአገር ቃል እያለ ስለ ምን ወደ ባዕድ እንሄዳለን ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆነን «ስልክ» ነው። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ፣ ክር ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሽቦው በእንጨት ላይ ተዘርግቶ ድምፅ ማስተላለፍ ሲጀምር ቃሉም ከሽቦው ጋር ለመደ። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ሽቦ የለውም፤ «ተንቀሳቃሽ ስልክ» በሥረ ቃሉ ቢፈታ «የሚንቀሳቀስ ሽቦ» ይሆናል፤ ነገር ግን ማንም ተናጋሪ በዚህ ሲሰናከል አላየንም። የውሰት ቃል ከዘመዶቹ ተለይቶ ስለሚመጣ ለተሰጠው ነገር ብቻ ይታመናል። የአገር ቃል ግን ቤተ ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ ይገባል፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ ሀብት፣ አንዳንድ ጊዜ ዕዳ ነው። «ሰርቨር» በመካኒኩም በጸሐፊዋም አፍ የገባ፣ «ሰርቨሩ»፣ «ሰርቨሮች»፣ «በሰርቨራችን» እየተባለ የአማርኛን ምዕላድ የተቀበለ ስለሆነ እንዲጸና እናሳስባለን።

5. «የተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች አስተዳደር»

ይህ ስያሜ ሦስት ሐሳቦችን ይዞ አንዱንም አያደርስም። «ተንቀሳቃሽ» በሕግና በንብረት ክፍል ቋንቋ ከማይንቀሳቀስ ንብረት የሚለይ ሁሉ ነው፤ ወንበሩም፣ መኪናውም፣ ፍየሏም በውስጡ ይገባሉ። «አስተዳደር» ደግሞ የከተማ፣ የወረዳ፣ የሠራተኛ አስተዳደር እየተባለ በሰውና በግዛት ላይ ያለን ኃላፊነት ሲገልጽ የኖረ ቃል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «መሣሪያ» ነው። በሥረ ቃሉ የሚሠሩበት ነገር ማለት መሆኑን ማንም አይክድም፤ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የእርሻ መሣሪያ እንላለን። ያለ ቅጽል ብቻውን ሲቆም ግን የብዙ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው ጠመንጃን ነው። «መሣሪያ አለው» የተባለ ሰው ዋሽንት አለው ማለት አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ትጥቅ መፍታትን የሚመለከት አንቀጽ የያዘ በመሆኑ፣ «ከባድ መሣሪያ»ና «ቀላል መሣሪያ» የሚሉት ሐረጎች በመቐለ ከዕለት ወሬ የማይጠፉ ነበሩ። በዚህ ከተማ በቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ያላችሁ ሠራተኞች ሁሉ ቀርባችሁ ተመዝገቡ» ተብሎ ቢለጠፍ፣ ማስታወቂያው ስለ ስልክ መሆኑን ለማስረዳት ሁለተኛ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ስያሜ በጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ አይፈተንም፤ በሚነበብበት ከተማም ይፈተናል።

እኛ «የሞባይል ቁጥጥር» የሚለውን እንመርጣለን። «ሞባይል» ሕዝቡ የሚናገረው ቃል ነው፤ ታብሌትን ማካተት ሲያስፈልግ «የሞባይልና የታብሌት ቁጥጥር» ማለት ይቻላል። «ቁጥጥር» የሚለው አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችንን ይከብዳቸዋል፤ «አስተዳደር» ይለሰልሳል ይላሉ። የምንቃወመውም ማለስለሱን ነው። ካሜራን መዝጋት፣ የይለፍ ቃል መወሰን፣ በሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሩቅ ማስወገድ ቁጥጥር ነው። ሠራተኛው «እሺ» ከማለቱ በፊት ወደ ምን እንደሚገባ የሚያውቀው በዚህ ቃል ነው።

6. «ማጥፋት»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። «ጠፋ» በአማርኛ እጅግ ሰፊ ግሥ ነው። በግ ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ ዘር ይጠፋል። «አጠፋ»ም እንዲሁ ነው፤ ጥፋት የሠራ አጠፋ፣ ሻማውን እፍ ያለ አጠፋ፣ ገንዘቡን የበተነ አጠፋ ይባላል። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ትርጉም ከሁሉ ቀድሟል። «ስልክህን አጥፋ» የተባለ ሰው በስብሰባም ሆነ በቅዳሴ የሚያደርገው ቁልፉን ተጭኖ መዝጋት ነው፤ ሲወጣ መልሶ ይከፍተዋል። ስለዚህ «ስልክ» ከ«ማጥፋት» ጋር ሲገናኝ በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው የሚመለስ ድርጊት ነው። ተርጓሚዎቻችን ይህንኑ ጥንድ ለማይመለሰው ድርጊት ሰጥተውታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሠራ፣ እንደ ሌሎቹ ባልደረቦቹ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል በገዛ ስልኩ ይከፍት ነበር። በዚያው ስልክ ውስጥ በእንደርታ ገጠር ከሚኖሩ አረጋውያን የተቀዱ ድምፆች ነበሩ፤ የህድሞ ቤት አሠራር፣ የድንጋይ ካብ ዐይነቶች፣ የጣሪያ እንጨቶች ስም በትግርኛ የሚነገርባቸው አርባ ያህል ቅጂዎች ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ፤ ቅጂዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ሳይቻል ቀረ። ስልኩ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከነይዘቱ ተርፎ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱ ሲመለስ የሰርቨሩ ኃላፊ የስልኮችን ዝርዝር ማጥራት ጀመረ። ከፊቱ የነበረው በአማርኛ የተተረጎመ የአሠራር መመሪያ «ለረጅም ጊዜ ያልተገናኙ ስልኮችን ከርቀት አጥፋ» ይላል። ኃላፊው ቃሉን እንደ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ተረዳው፤ አገልግሎታቸውን መዝጋት፣ ሲመለሱ እንደገና መክፈት ነው ብሎ ትእዛዙን ሰጠ። ትእዛዙ በሰርቨሩ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስልክ ከመረብ ጋር በተገናኘ በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ሆነ። ከአርባዎቹ ቅጂዎች ሌላ ቦታ የተገለበጡት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከተቀዳው አረጋውያን መካከል በዚያ መሐል ያረፉ ስላሉ ተመልሶ መቅዳትም አልተቻለም።

ኃላፊው ትጉህና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ዛሬም በነገሩ ያዝናል። እኛ ግን ጥፋቱን በእርሱ ላይ አናደርገውም። መመሪያው በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ቃሉን ስለማያውቀው ይጠይቅ ነበር። አማርኛ በመሆኑ አልጠየቀም። የተርጓሚ ኃላፊነት ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንባቢ በራሱ ቋንቋ የቀረበለትን ቃል አይጠራጠርም።

እንግዲህ «አጠፋ»ን የሚተካ ቃል እንፈልግ። ሦስት ዕጩዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ፋቀ» ነው። የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል ፍቆ ያነሣል፤ ጽሑፉ ይሄዳል፣ ብራናው ይቀራል። ባዶ የሆነው ስልክም ልክ እንደዚህ ነው፤ አካሉ ይቀራል፣ በላዩ የተጻፈው ይሄዳል። በምስል ረገድ ከዚህ የሚቀርብ ቃል የለም። ነገር ግን ዘመኑ ቃሉን ወደ ሌላ ወስዶታል። ሕዝቡ «ካርድ ፋቀ» ሲል የተሸፈነውን የሒሳብ መሙያ ቁጥር ገለጠ ማለቱ ነው፤ የሎተሪ ካርድም እንዲሁ ይፋቃል። በስልክ ዙሪያ «መፋቅ» ማግኘት ከሆነ፣ ለማጣት ስም ሊሆን አይችልም። በዚህ ላይ «ፋቂ» የሚለው የሠሪ ስም በቆዳ ሠራተኞች ላይ ለስድብ ሲውል የኖረ ስለሆነ ከእርባታው አንዱ ክፍል የተበከለ ነው። በጸጸት እንተወዋለን።

ሁለተኛው «ሰረዘ» ነው። ይህ በጽሑፍ ላይ መስመር ማስመር ነው፤ የተሰረዘው ከሥሩ ይነበባል፤ ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘ ሰውም በሕይወት አለ፣ ተመልሶ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ «መሰረዝ» ስልኩን ከዝርዝር ማውጣት፣ መልእክትን ወደ መጣያ ማኅደር መላክ ለመሳሰለው ለሚመለሰው ድርጊት በጣም ይስማማል። ለማይመለሰው ግን ይቀልላል።

ሦስተኛው «ደመሰሰ» ነው። በግእዝ «ደምሰሰ» የተጻፈን ፍቆ ማስወገድን፣ መሻርንም ይገልጻል፤ ትግርኛም «ደምሰሰ»ን በሰሌዳ ላይ የተጻፈን ለማንሣት ይጠቀምበታል። በአማርኛ ግን የጦር ዜና ቃል ሆኖ ቆይቷል። በመቐለ ተቀምጦ ይህን ቃል ለስያሜ ማቅረብ ቀላል አይደለም፤ በቅርብ ዓመታት በምን አፍ እንደተነገረና በማን ላይ እንደተነገረ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ብዙ ካሰብን በኋላ እርሱኑ መርጠናል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥረ ትርጉሙ ስለ ጽሑፍ ነው፤ ቃሉን ወደ ሰሌዳና ወደ ብራና መመለስ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ሁለተኛ፣ የማይመለስ ድርጊት ስም ሊያስደነግጥ ይገባዋል። «ይህን ስልክ ልትደመስሰው ነውን?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እጁን ያቆማል። «ይህን ስልክ ልታጠፋው ነውን?» ቢባል «አዎ፣ ኋላ እከፍተዋለሁ» ይላል።

እንግዲህ ሦስቱ ግሦች እንደ ደረጃቸው ይቀመጣሉ፤ «ማጥፋት» ኃይልን መዝጋት ብቻ፣ «መሰረዝ» ከዝርዝር ወይም ከማኅደር ማንሣት፣ «መደምሰስ» ላይመለስ ማስወገድ ይሆናሉ። በመደምሰስም ውስጥ «ሙሉ ድምሰሳ» እና «የኢሜይል ብቻ ድምሰሳ» ተብሎ መለየት አለበት። ይህ ልዩነት በመመሪያው ቢጻፍ ኖሮ ትእዛዙ በስሕተት ቢሰጥ እንኳ የድምፅ ቅጂዎቹ አይነኩም ነበር።

7. ማጠቃለያ

ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች ባጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. በ«ፈቃድ» ፈንታ «የመጠቀሚያ ፈቃድ»፤ እርሱም «የዘለቄታ» ወይም «በየጊዜው የሚታደስ» ተብሎ ይለይ፤ የሰው መስማማት ግን «የባለቤት ስምምነት» ይባል።

ለ. በ«የደንበኛ መዳረሻ ፈቃድ» ፈንታ «የመግቢያ ፈቃድ»፣ «በሰው የሚቆጠር» ወይም «በዕቃ የሚቆጠር»።

ሐ. በ«አገልጋይ» ፈንታ «ሰርቨር»።

መ. በ«የተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች አስተዳደር» ፈንታ «የሞባይል ቁጥጥር»።

ሠ. በ«ከርቀት ማጥፋት» ፈንታ «ከርቀት መደምሰስ»፤ «ሙሉ ድምሰሳ»ና «የኢሜይል ብቻ ድምሰሳ»።

ሥራው በአማርኛ ብቻ የሚቆም አይሆንም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚል ነው። አንድ መመሪያ በአምስት ቋንቋ ሲዘጋጅ ተርጓሚው የአማርኛውን ገጽ ከፊቱ አድርጎ የመሥራቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ በአማርኛው ውስጥ ያለው ጉድለትም አብሮ ይገለበጣል። በተለይ ትግርኛ «ኣጥፍአ»ን ከአማርኛው «አጠፋ» ጋር በሥርም በአገባብም ስለሚጋራ፣ ያው ወጥመድ እንደገና እንዳይዘረጋ የሁለቱ ቋንቋ ባለሙያዎች በአንድነት ቢመክሩበት መልካም ነው።

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ ናቸው አንልም፤ በተለይ «መደምሰስ»ን የሚከብደው አንባቢ የተሻለ ቃል ይዞ ቢቀርብ በደስታ እንቀበለዋለን። እስከዚያው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የመመሪያ አዘጋጆች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። «አጥፋ» የሚለው ቃል በተጻፈበት መስመር ላይ «በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይወገዳል፤ አይመለስም» የሚል ዐረፍተ ነገር በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ይጨምሩበት።